የጣሪያና ግድግዳ ግብር ታሪክ፦ ከሼህ ሆጀሌ ወርቅ እስከ ንብረት ታክስ

ይቺ ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቧት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ይሄ የንብረት ታክስ የሚሉት ነገር አዲስ ነው ወይስ ድሮም ነበረ? አባቴ አሶሳ ላይ የሠራው ቤት ስንት ሊመጣበት ነው?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ የእኔ ነው፤ የታሪክ ጥያቄ ስለሆነ ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ። ሁለተኛው የሒሳብና የሕግ ነው። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን ማባዛትና ማካፈል እችላለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ካላየናቸው ደግሞ ነገሩ አይገባንም ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም በሀገራችን የግብር ታሪክ ውስጥ ሰው የተጣላው በአብዛኛው በመቶኛው ላይ አይደለም። የተጣላው በግምቱ ላይ ነው። ማን ገመተው? በምን ዓይን አየው? ተሳስቷል ብዬ ብናገር የሚሰማኝ አለ ወይ?

ከራሳችን አገር እንጀምር። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘመተ። ከዚያ በኋላ የአቆልዲ፣ ማለትም የዛሬዋ አሶሳ አካባቢ ገዥ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ለማዕከላዊው መንግሥት ወርቅ የሚገብሩ ባላባት ሆኑ። ወርቁን ከወንዝ አሸዋ እያጠበ የሚያወጣው ግን ተራው ሕዝብ ነው። ወርቅ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ሚዛን ላይ ይቀመጣል፣ ወቄቱ ይታያል፣ ማንም በዓይኑ አይገምተውም። ስንት ወቄት ይምጣ የሚለውን ግን የሚወስኑት ከላይ ያሉት ናቸው። ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ የሚያጥበውን «ዘንድሮ ወንዙ ሰጥቶሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ሼህ ሆጀሌ አዲስ አበባም ቤት ነበራቸው። አዲስ አበባ የምትኖሩ «ሸጎሌ» የምትሉት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው፤ «ሼህ ሆጀሌ» በአዲስ አበቤ አፍ እየተሸራረፈ «ሸጎሌ» ሆነ። ይቺን ሰፈር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ እንመለስባታለን።

(በነገራችን ላይ «ግብር» የሚለው ቃል ራሱ ይገርመኛል። ለመንግሥት የምትከፍለው ግብር ነው፤ ንጉሡ አዳራሽ አስጠርቶ የሚያበላህም ግብር ነው። ከገባሩ ጎተራ የወጣው ተመልሶ በቤተ መንግሥት ገበታ ላይ ይቀርባል፤ የሚበላው ግን ሁልጊዜ የከፈለው ሰው አልነበረም።)

ከጣልያን መባረር በኋላ መንግሥት ግብሩን በገንዘብ ለማድረግ ቆርጦ ተነሳ። የ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን በሦስት ከፈለው፦ ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ። አንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር የመሬት ግብር እና በአሥራት ፋንታ 35 ብር ይከፍላል፣ ድምሩ 50 ብር። ለም ጠፉ 10 እና 30፣ ድምሩ 40። ጠፉ 5 እና 10፣ ድምሩ 15 ብር።

እስቲ ቆም ብለን እንየው። መጠኑ በአዋጅ የተጻፈ ነው፣ ለሁሉም እኩል ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ማሳህ ላይ ቆሞ «ይሄ ለም ነው» ካለ 50፣ «ይሄ ጠፍ ነው» ካለ 15 ነው። በአንድ ቃል ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት! ጉልበትና ዘመድ ያለው ለሙን ጠፍ አስብሎ አስመዘገበ፤ የሌለው ደግሞ ጠፉም ቢሆን ለም ተባለበት። ክፍል ውስጥ ይህንን ሳስተምር ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «ታዲያ ለምን አይከሱም?» ብለው ነው። አቤት ማለት ይቻል ነበር፣ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ። ግን ከአሶሳ ወይም ከመተከል ተነስቶ አዲስ አበባ ደጅ ለመጥናት ስንቅና የሚያድርበት ዘመድ ያስፈልጋል። ከአንድ ጋሻ ግብር በላይ በመንገድ ላይ ያልቃል።

መተከልን ያነሳሁት በዚያን ጊዜ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ስለነበረ ነው፤ አሶሳ ደግሞ በወለጋ ሥር አውራጃ ነበረች። የዛሬው ክልላችን ለሁለት ተከፍሎ የሁለት ጠቅላይ ግዛት ግብር ይከፍል ነበር ማለት ነው። ጎጃም በዚህ ጉዳይ ልዩ ቦታ አለው። መሬት ለመለካትና አዲስ ግብር ለመጣል በተሞከረ ቁጥር ሕዝቡ እምቢ ስላለ ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግሬ ከጣልያን ወረራ በፊት በነበረው ስሌት እንዲገብሩ ተፈቀደላቸው።

በ1960 ዓ.ም. ግን መንግሥት አሥራቱን አስቀርቶ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አወጀ። ይኸኛው ግብር የተመሠረተው አራሹ በዓመት ምን ያህል ገቢ ያገኛል በሚል ግምት ላይ ነው። ስለዚህ ገማች ኮሚቴ ወደየቀበሌው መሄድ አለበት። አሁን ልብ በሉ፣ ወረቀቱ ላይ ካየነው አዲሱ ግብር ለብዙው ደሀ ገበሬ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ዘመናዊ ነው፤ ብዙ ያገኘ ብዙ ይክፈል ይላል። ታዲያ ጎጃም ለምን ሸፈተ? ገበሬው የፈራው ብሩን ሳይሆን ገማቹን ነው። ዛሬ ማሳዬን አይቶ የሚጽፍ፣ ነገ ለክቶ ርስቴን ይወስድብኛል ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ባየው ነገር ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ገማቾቹ ተባረሩ፣ ጦር ተላከ፣ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ የተሸነፈው መንግሥት ነው፤ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሱ፣ አዲሱ ግብርም በጎጃም ቆመ።

እኔ ይህንን አመጽ «በኢትዮጵያ ታሪክ ትልቁ የግብር ይግባኝ» እለዋለሁ። ማመልከቻ የሚቀበል መስኮት ስላልነበረ በጠመንጃ የቀረበ ይግባኝ ነው። ቀልድ አይደለም። ሰው ግምቱን የሚከራከርበት በር ሲዘጋበት ሌላ በር ይፈልጋል።

አሁን ወደ ከተማ እንግባ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን የኪራይ ቤቶች ድርጅት ተረከበ። በዓመቱ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968 ወጣ። እናቶቻችን «የጣሪያና ግድግዳ» የሚሉት ይኸው ነው። ስሙ ራሱ ታሪክ ይናገራል፦ መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ኪራይ ትከፍልበታለህ፤ ጣሪያውና ግድግዳው የአንተ ስለሆነ ግብር ትገብርበታለህ።

ግን አንድ ችግር ተፈጠረ። መሬት አይሸጥም፣ ትርፍ ቤት ተወርሷል። ታዲያ የአንድን ቤት ዋጋ በምን ታውቃለህ? ሕጉ ያገኘው መፍትሔ «ዓመታዊ የኪራይ ግምት» ነው። ይህ ቤት ቢከራይ በዓመት ስንት ያወጣ ነበር? ባይከራይም፣ አንተው ብትኖርበትም፣ እንደተከራየ ተቆጥሮ ይገመታል። በዚያ ግምት ላይ ከ1 በመቶ እስከ 4.5 በመቶ፣ ግምቱ ከፍ ባለ ቁጥር ከፍ የሚል ግብር ይከፈላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግምቱ ተኛ። መንግሥት ተለወጠ፣ ክልል ተዋቀረ፣ አሶሳ የክልል ዋና ከተማ ሆነች፣ የሣር ጣሪያ በቆርቆሮ ተተካ፣ ብሩ ረከሰ፤ በብዙ ከተሞች የቤቱ ግምት ግን እዚያው የድሮ መዝገብ ላይ ቀረ። በዓመት አንዴ ጥቂት ብር ይዞ ሄዶ ደረሰኝ መቀበል ነው። ማንም አልተከራከረም፤ ለጥቂት ብር ማን ይከራከራል? ማዘጋጃ ቤቶችም መንገድ ሳይጠርጉ፣ ቦይ ሳይከፍቱ ኖሩ። አሁን ይህን ሁሉ ስል ግብር አይከፈል ማለቴ አይደለም። ክረምት ላይ ጎርፉ በደጃችሁ ሲያልፍ ከተማዋ ለምን ገንዘብ እንደሚያስፈልጋት ታውቁታላችሁ።

የተኛው ግምት አዲስ አበባ ላይ በ2015 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ ነቃ። ከተማ አስተዳደሩ ያንኑ የ1968ቱን አዋጅ ይዞ የኪራይ ግምቱን ብቻ በአዲስ ጥናት ቀየረው። ሕጉ ያው፣ መቶኛው ያው፣ የሚከፈለው ግን በብዙ እጥፍ ዘለለ። ሸጎሌን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። እዚያ በጡረታ የሚኖሩ፣ ከአርባ ዓመት በፊት በጭቃ የሠሩትን ቤት ያልሸጡ፣ ያላከራዩ ሰዎች አሉ። ቤታቸው ውድ ሆነ ተባለ፤ ኪሳቸው ግን ያው ነው። ቤት ሲወደድ የሚጠቀመው የሚሸጥ ሰው ነው። መኖር ብቻ ለሚፈልግ ሰው የቤቱ መወደድ በወረቀት ላይ ያለ ሀብት ነው፣ ግብሩ ግን በጥሬ ብር ነው የሚከፈለው። እናት ፓርቲ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ድረስ ወስዶት ነበር። ዋናው ክርክር አስተዳደሩ ይህን የማድረግ ሥልጣን አለው ወይ የሚል ነበር።

የሥልጣን ጥያቄው መሠረት ነበረው። ሕገ መንግሥቱ የግብር ዓይነቶችን ለፌዴራልና ለክልል ሲያከፋፍል የንብረት ታክስን በስሙ ጠርቶ ለማንም አልሰጠም። እንደዚህ ያለ ያልተጠቀሰ ግብር ሲመጣ በአንቀጽ 99 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ። በ2015 ዓ.ም. ተሰብስበው ለክልሎች ሰጡት። ከዚያም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጁን አጸደቀ። ይህ አዋጅ ማዕቀፍ ነው፤ ክልሎች በእሱ ወሰን ውስጥ የራሳቸውን ሕግ አውጥተው ነው የሚያስከፍሉት።

አሁን ወደ ተማሪዬ ሒሳብ። በአዋጁ ግብር የሚሰላው በንብረቱ ሙሉ ዋጋ ላይ አይደለም፣ በ25 በመቶው ላይ ነው። ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለቦታ መጠቀሚያ መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ይጣላል። እንበልና የአባትህ ቤት፣ ሕንፃው ብቻ፣ 2 ሚሊዮን ብር ተገመተ። 25 በመቶው 500,000 ብር ነው። በ0.1 በመቶ ከሆነ በዓመት 500 ብር። በ1 በመቶ ከሆነ 5,000 ብር። በቦታው ላይ ያለው ለብቻው ይጨመራል። በ500 እና በ5,000 መካከል ያለው ልዩነት የሚወሰነው በክልሉ ሕግ ነው፤ እሱን በማመልከቻ አትቀይረውም። እሱ የምክር ቤት ጉዳይ ነው፣ የምትናገረውም ረቂቁ ሲወጣና ሕዝብ ሲጠየቅ ነው። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰዎች የቤታቸው ግምት በየጊዜው ሲዘልባቸው እ.ኤ.አ. በ1978 በሕዝብ ድምፅ ገደብ አስቀመጡ፦ ግብሩ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር። ጥሩም መጥፎም ውጤት አለው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች አሮጌው ነዋሪ ጥቂት፣ አዲሱ ብዙ ይከፍላሉ።

በማመልከቻ የምትቀይረው ግምቱን ነው። ያ 2 ሚሊዮን ከየት መጣ? እዚህ ላይ የእኛ ከተማ የራሷ ጠባይ አላት። አሶሳ ላይ ቤት ማለት ብሎኬት ብቻ አይደለም። ቀርከሃ የተፈተለበት በጭቃ የተመረገ ግድግዳ አለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አሮጌ የጭቃ ቤት አለ፣ ከፊቱ በሲሚንቶ ተለስኖ ከኋላው ጭቃ የሆነ አለ። ምስጥ ደግሞ አለ! ምስጡን የማያውቅ ሰው ከመንገድ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ቢያይ ደህና ይመስለዋል፤ እንጨቱ ውስጡ ባዶ ነው። እንግሊዞች በአንድ ወቅት ቤትን በመስኮት ብዛት ያስገብሩ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1696 እስከ 1851። ከውጭ ቆሞ መቁጠር ስለሚቀል። ሰዉ ምን አደረገ? መስኮቱን በጡብ ደፈነው። ከመንገድ ላይ የሚገመት ግምት እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ስለዚህ ግምት ሲደርሳችሁ ከጠቅላላው ብር በፊት ዝርዝሩን ጠይቁ፣ በጽሑፍ። ካሬ ሜትሩ ከካርታችሁ ጋር ይገጥማል ወይ? ማዕድ ቤቱና ሽንት ቤቱ እንደ መኖሪያ ክፍል ተቆጥሯል ወይ? ግድግዳው ምን ተብሎ ነው የተመዘገበው፣ ብሎኬት ወይስ ጭቃ? የተሠራበት ዓመት ስንት ነው የተባለው? መኖሪያ ሆኖ ሳለ በሩ ላይ ሱቅ ስላለ ብቻ ሙሉው ንግድ ቤት ተብሏል ወይ? የ1937ቱ «ለም» እና «ጠፍ» ዛሬ እነዚህ ናቸው። «ግብሩ በዝቶብኛል» የሚል ማመልከቻ ለሰሚውም አስቸጋሪ ነው፤ ምን ብሎ ይመልስልሃል? «84 ካሬ የሆነው ቤቴ 120 ተብሎ ተመዝግቧል፣ ካርታው ተያይዟል» የሚለው ግን በሜትር የሚፈታ ነገር ነው።

ጊዜ ደግሞ አለ። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ለምሳሌ ውሳኔ የደረሰው ሰው ለራሱ ለግብር ሰብሳቢው ቅሬታ የሚያቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው። መልሱ ካላረካው በ30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳል፣ ከተከራከረበት ግብር 50 በመቶውን አስይዞ። ለቤታችሁ የሚሠራው የክልሉ ሕግና መመሪያ ስለሆነ ቀኑን ከዚያው አረጋግጡ፤ ግን አካሄዱ በሁሉም ቦታ ይመሳሰላል፦ መጀመሪያ ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎ ይግባኝ፣ ቀጥሎ ፍርድ ቤት። ቀኑ ካለፈ እውነት ይዛችሁም አትሰሙም። ማመልከቻችሁን በቃል ለምታውቁት ሰው ሰጥታችሁ አትምጡ። መዝገብ ቤት አስገቡት፣ ቁጥርና ቀን ያለበት ማኅተም በቅጂው ላይ ይመታላችሁ። ያቺ ቅጂ ናት በኋላ የምትናገርላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ይገርመኛል። የጎጃሙ ገበሬ ገማቹን ያባረረው ርስቴን ይወስዳል ብሎ ነው። ዛሬ በከተማ ዳር የጨረቃ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ በተቃራኒው «እባካችሁ ግብር አስከፍሉኝ» ብሎ ይለምናል። ደረሰኙ የመንግሥት ማኅተም አለበት፤ ነገ አፍርስ ሲባል «ይኸው ስገብር ኖሬያለሁ» ብሎ ያወጣዋል። ዋናው ማስረጃ ካርታው ነው፣ ደረሰኙ ብቻውን ባለቤት አያደርግም፤ ቢሆንም ሰዉ ካርኒውን እንደ ክርስትና ወይም እንደ ኒካህ ወረቀት ነው በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጠው። አንዱ ግብርን መሬት መንጠቂያ አድርጎ አየው፣ ሌላው መሬት ማጽኛ። ሁለቱም ያዩት ነገር አለ።

ከዚሁ ጋር አንድ ልመና አለችኝ። እናት አባቶቻችሁ ዘንድ ከ1968 በኋላ የተቆረጠ የጣሪያና ግድግዳ ካርኒ፣ በተለይ የአሶሳ፣ የባምባሲ ወይም የመተከል ከተሞች ካላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ስምና የቤት ቁጥሩን ሸፍኑት፤ እኔ የምፈልገው ዓመቱን፣ ግምቱንና የተከፈለውን ብር ነው። ለክፍል ውስጥ ማስተማሪያ አደርገዋለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ፣ የምችለውን ማታ ማታ እመልሳለሁ፤ መብራት ከሄደ ግን ጠብቁኝ።